የጭልጋ የድንጋይ ከሰል ፍለጋ፦ ከፍለን ያስጠናነው የጂኦፊዚክስ ሥራ ሲመዘን

ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ፣ በአይከል ከተማ ዙሪያ የድንጋይ ከሰል ለመፈለግ በማኅበር ሆነው ፈቃድ ያወጡ የጎንደር ነጋዴዎች ባለፈው በጋ አንድ አማካሪ ድርጅት ከአዲስ አበባ አስመጥተው የከርሰ ምድር ጂኦፊዚክስ ጥናት፣ ማለትም ሳይቆፈር ከምድር ገጽ ላይ በመሣሪያ እየተለካ ከሥር ያለው አለት የሚገመትበትን ጥናት፣ አሠርተዋል። እኔም በጂኦሎጂ ሙያዬ በእነርሱ በኩል ሆኜ የሜዳውን ሥራ ተከታትያለሁ፤ በመጨረሻ የቀረበውንም ሪፖርት ከነጥሬ ልኬቱ መርምሬአለሁ። ይህን ግምገማ የምጽፈው እንዲህ ያለ አገልግሎት ለመግዛት የሚያስቡ ማኅበራት፣ ባለሀብቶችና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች እየበዙ ስለ መጡ፣ የሚገዙት ነገር ምን እንደሆነ በአማርኛ የሚያስረዳቸው ጽሑፍ ግን እምብዛም ስለሌለ ነው። የድርጅቱን ስም አላነሣም።

ፍርዴን ከመጀመሪያው ላስቀምጥ። የሜዳ ቡድኑ ሥራውን የሚያውቅ፣ ትጉህና ገበሬውን የሚያከብር ነው፤ በመሣሪያውም ጥራት ቅሬታ የለኝም። ሪፖርቱ ግን ልኬቱ ሊናገር የማይችለውን ነገር በልበ ሙሉነት ያናግረዋል፤ ደንበኛው ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባውን፣ ማለትም ዘዴው የትኛውን ነገር ፈጽሞ እንደማያይ፣ በአንድ መስመር እንኳ አይገልጽም። ከአምስት ነጥብ ለሜዳው ሥራ አራት፣ ለሪፖርቱ ሁለት እሰጣለሁ።

የቦታው ጠባይ ካልታወቀ ይህ ፍርድ ትርጉም አይኖረውም። ጎንደርና አካባቢዋ የተቀመጡት የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ንብርብር በንብርብር ፈስሶ በረጋ ባዛልት ላይ ነው። ጭልጋ ላይ ይህ ባዛልት ተሰባብሮ ዝቅ ባለበት ሥፍራ ወንዝና ረግረግ ተፈጥሮ ነበር፤ በዚያም ሸክላ፣ ደለልና የእሳተ ገሞራ አመድ ሲደራረብ፣ የዕፅዋቱም ቅሪት አብሮ ሲቀበር፣ ሊግናይት የሚባለው ለጋ የድንጋይ ከሰል ተሠራ። ከዚሁ ደለል ውስጥ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የጥንት የዝሆን ዘመዶች አጥንትና አርሲኖይቴሪየም የተባለው ቀንዳም እንስሳ ቅሪት ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2003 ለሳይንሱ ዓለም ሲገለጽ፣ የጭልጋ ስም በቅሪተ አካል ተመራማሪዎች ዘንድ ታዋቂ ሆኗል። ከሰል ፈላጊውን የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። የከሰሉ ንጣፎች ብዙውን ጊዜ ቀጫጭን ናቸው፤ ወደ ጎን ሲሄዱ ይሳሳሉ ወይም ይቋረጣሉ፤ ሲነዱ የሚተዉት አመድ ይበዛል፤ በስብራት ምክንያትም በአንደኛው ወገን ከፍ፣ በሌላው ወገን ዝቅ ብለው ይገኛሉ። በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ኋላ የፈሰሰ ባዛልት ከላይ ሸፍኗቸዋል። የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ለምድጃቸው የሚያነዱትን ከሰል ለረጅም ጊዜ ከውጭ በውጭ ምንዛሪ ሲገዙ ስለ ኖሩ፣ በአገር ውስጥ ያለው ክምችት የት ቦታ፣ በምን ያህል ጥልቀትና ውፍረት እንደሚገኝ ማወቅ ትርፉ ብዙ ነው፤ በግምት መቆፈርም ኪሳራው የዚያኑ ያህል ከባድ ነው።

ከድርጅቱ ጋር የተደረገው ውል ሁለት ዓይነት ልኬት የያዘ ነበር፤ አንደኛው የኤሌክትሪክ ሬዚስቲቪቲ፣ ሁለተኛው የማግኔቲክ ጥናት። ሬዚስቲቪቲ የሚባለው ኮንራድ ሽሉምበርዤ እ.ኤ.አ. በ1912 በፈረንሳይ ኖርማንዲ ውስጥ ከሞከረው ጊዜ ጀምሮ መሠረተ ሐሳቡ ያልተለወጠ ዘዴ ነው። ሁለት የብረት ችንካሮች መሬት ላይ ተተክለው በእነርሱ አማካይነት ኤሌክትሪክ ወደ ምድር ይለቀቃል፤ በመካከላቸው በተተከሉ ሌሎች ሁለት ችንካሮች ደግሞ የቮልቴጁ ልዩነት ይለካል። ውጪዎቹ ችንካሮች እየተራራቁ በሄዱ ቁጥር ኤሌክትሪኩ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ ከዚያም ከልኬቱ ተነሥቶ የትኛው ንጣፍ ኤሌክትሪክ በቀላሉ እንደሚያሳልፍ፣ የትኛውም እንደሚከለክል ይሰላል። ጤነኛ፣ ያልተሰባበረ ባዛልት ከመቶዎች እስከ ሺዎች የሚደርስ ኦም ሜትር (የሬዚስቲቪቲ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ አለቱ ኤሌክትሪክን ይበልጥ ይከለክላል) ሲያሳይ፣ እርጥብ ሸክላ ብዙውን ጊዜ ከሃያ በታች ይሆናል። በአገራችን የጉድጓድ ውኃ ፈላጊዎች ቁፋሮ ከመጀመራቸው በፊት የሚያስጠኑት በአብዛኛው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ስለዚህም በሥራው የሠለጠነ ባለሙያ ማግኘት አይቸግርም።

የሜዳው ቡድን ይህን ሠልጣኝነቱን በሚገባ አሳይቷል። በጋ ላይ የጭልጋ ዋልካ አፈር ደርቆ ስለሚሰነጠቅ ችንካሩ ከአፈሩ ጋር በደንብ አይገናኝም፤ ኤሌክትሪኩም እንደሚፈለገው ወደ ምድር አይገባም። ብዙ ቡድኖች ይህን ችላ ብለው የሚንቀጠቀጥ ልኬት ይመዘግባሉ። እነዚህ ግን ጨው የተበጠበጠበት ውኃ በጀሪካን ይዘው እያንዳንዱን ችንካር ያጠጡ ነበር፤ ልኬቱ ካልረጋ ችንካሩን ነቅለው በጎኑ ሌላ ይተክላሉ፤ በአንድ ነጥብም ላይ ደጋግመው ለክተው ልዩነቱ ከጥቂት በመቶ ሲበልጥ እንደገና ይጀምራሉ። የማስታወሻ ደብተራቸው ላይ የችንካሩን ቦታ ብቻ ሳይሆን የአፈሩን ዓይነት፣ በአቅራቢያ የሚያልፍ የመብራት መስመርና የቆርቆሮ አጥር መኖሩን ጭምር ጽፈዋል። ይህ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ሆኖም ሪፖርቱን ስመረምር ጥርጣሬ ያሳደሩብኝን አንዳንድ ልኬቶች ትክክለኛነት ያረጋገጥሁት በዚሁ ማስታወሻ ነው፤ የአጥር ብረት ኤሌክትሪኩን እንደሚስብ፣ በጥልቀት ያለ ሸክላ መስሎም እንደሚታይ ማንኛውም የዘርፉ ሰው ያውቃልና።

ከገበሬው ጋር የነበራቸው አያያዝም ሊነገር ይገባዋል። ገመዱ የሚዘረጋው በሰው ማሳ፣ በሰው ግጦሽ ላይ ነው። የቡድኑ መሪ ወጣት ቢሆንም በየቀኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የማሳውን ባለቤት ቤቱ ድረስ ሄዶ ያነጋግር ነበር። አንድ አዛውንት፣ «ልጄ፣ ይህ ገመድ ከብቶቼን ይይዛል ወይ?» ብለው ሲጠይቁት፣ «አዎ አባቴ፣ መሣሪያው በሚሠራበት ጊዜ ችንካሩን የነካ ይጎዳል፤ ስለዚህ ከብቶቹ እስኪያልፉ እናጠፋዋለን፤ በየችንካሩም አንድ ሰው ይቆማል» ብሎ በግልጽ መለሰላቸው፤ እንዳለውም አደረገ። አዛውንቱም መልሰው፣ «እንግዲያው ቀስ ብላችሁ ሥሩ፤ ሽምብራውን ብቻ አትርገጡብኝ» አሉት። የተረገጠ ሰብል በነበረበት ቦታ ካሣው እዚያው በምስክር ፊት ተከፍሏል። መንገዱ ሰላም ባልሆነባቸው ቀናት ሥራው መቋረጡ አልቀረም፤ ይህ ግን ከማንም አቅም በላይ ስለሆነ በድርጅቱ ላይ የሚቆጠር አይደለም።

አሁን ወደ ሪፖርቱ ልመለስ፤ የግምገማዬም ዋና ነገር ይኸው ነው።

ሪፖርቱ በሦስት ቦታዎች ላይ «ከፍተኛ ጥራት ያለው የከሰል ንጣፍ» በተወሰነ ጥልቀትና ውፍረት እንዳለ በሠንጠረዥ አስቀምጧል። ከእነርሱም አንዱ ሁለት ሜትር ውፍረት ያለው ሆኖ ከስልሳ ሜትር በታች እንደሚገኝ ይገልጻል። ይህ አባባል በሁለት ምክንያት ሊቆም አይችልም። አንደኛ፣ የሊግናይት ሬዚስቲቪቲ ሰፊ ነው፤ ከአሥር ኦም ሜትር አካባቢ ተነሥቶ እስከ ሁለት መቶ ሊደርስ ስለሚችል እርጥብ ሸክላን፣ አሸዋን፣ የበሰበሰ ባዛልትንም ሊመስል ይችላል። ቁጥሩ ብቻውን «ይህ ከሰል ነው» ብሎ አይናገርም። ስለ ጥራቱ፣ ማለትም ስለ አመዱ መጠንና ስለሚሰጠው ሙቀት፣ ደግሞ ቅንጣት መረጃ አይሰጥም፤ ያን የሚያውቀው ናሙና የመረመረ ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ በጥልቀት የተቀበረ ቀጭን ንጣፍ በዚህ ዘዴ አይታይም። በዘርፉ የተለመደው ግምት አንድ ንጣፍ ውፍረቱ ከተቀበረበት ጥልቀት አንድ አሥረኛ በታች ሲሆን፣ በተለይ ሬዚስቲቪቲው ከላዩና ከታቹ ባሉት ንጣፎች መካከል ሲውል፣ በልኬቱ ላይ የሚተወው ምልክት ከልኬቱ ስሕተት ያነሰ ይሆናል የሚል ነው። በስልሳ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ሁለት ሜትር ንጣፍ ከውፍረቱ ሠላሳ እጅ ጠልቆ የተቀበረ ነው። እንግዲህ ሠንጠረዡ ላይ የሰፈረው ንጣፍ ከምድር ውስጥ ሳይሆን ከኮምፒውተሩ ስሌት የመጣ ነው ማለት ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ጥሬ ልኬቱን ወስጄ አይፒአይቱዊን በሚባለው፣ የእኛ አገር ባለሙያዎችም በብዛት በሚጠቀሙበት ፕሮግራም እንደገና አሰላሁት። ያንኑ ልኬት የከሰል ንጣፉን ጨምሬም፣ ሙሉ በሙሉ አውጥቼም ስሞክረው በሁለቱም መንገድ እኩል ይስማማል። የሪፖርቱ ጸሐፊ «የስሌቱ ስሕተት ከሦስት በመቶ በታች ነው» ብሎ እንደ ማስረጃ ያቀረበው ቁጥር እውነት ነው፤ ነገር ግን ትንሽ ስሕተት ማለት ሞዴሉ፣ ማለትም በስሌት የተገመተው የንጣፎች አደራደር፣ ከልኬቱ ጋር ይስማማል ማለት እንጂ ሌላ የሚስማማ ሞዴል የለም ማለት አይደለም። ንጣፉን በግማሽ አሳንሶ ሬዚስቲቪቲውን በተመጣጣኝ መጠን መለወጥ ተመሳሳይ የልኬት ኩርባ ይሰጣል። ይህ የዘዴው የታወቀ ጠባይ ነው፤ በማንኛውም የጂኦፊዚክስ ትምህርት በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚሰጥ ነው። የሪፖርቱ ጸሐፊ ይህን አያውቅም ብዬ አላምንም። የማምነው ደንበኛው «ከሰል አለ ወይስ የለም?» ብሎ ስለሚጠይቅና «አላውቅም» የሚል መልስ ስለማይሸጥ፣ ያልተጠየቀ ጥንቃቄ ከሪፖርቱ እየወጣ እንደሚቀር ነው። ጥፋቱ በከፊል የእኛ የደንበኞች ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር ልኬቱ ዋጋ ቢስ አይደለም፤ እንዲያውም ሪፖርቱ ራሱ ዝቅ አድርጎ ባለፈው ነገር ላይ እጅግ ጠቃሚ ነው። ባዛልቱ ከላይ የት ቦታ ምን ያህል ወፍሮ ደለሉን እንደሸፈነው ልኬቱ በግልጽ ያሳያል፤ በባዛልትና በሸክላ መካከል ያለው ልዩነት በመቶ እጅ የሚቆጠር በመሆኑ በዚህ ላይ ብዙ ማሳሳት የለም። አንድ ጅረት አፈሩንና ባዛልቱን ቆርጦ ባለፈበት ገደል አጠገብ የተወሰደው ልኬት የሰጠው የባዛልት ውፍረት በዓይን ከሚታየው ጋር ከጥቂት ሜትር ባልበለጠ ልዩነት ተስማምቷል። በሁለት መስመሮች መካከል ደግሞ የደለሉ ወለል በድንገት ሲወርድ ይታያል፤ ይህ ስብራት እንደሆነ፣ ከሰል ቢኖር እንኳ ከስብራቱ ወዲያ ጥልቀቱ እንደሚለወጥ ቆፋሪው አስቀድሞ ማወቁ ብዙ ገንዘብ ያድናል። ሪፖርቱ ይህን አንድ አንቀጽ ብቻ ሰጥቶት አልፏል። ለእኔ የጥናቱ ትክክለኛ ፍሬ ያ አንቀጽ ነው፤ ሰፊ ምዕራፍ ሊሰጠው ይገባ ነበር።

የማግኔቲክ ጥናቱ ላይ ያለኝ ቅሬታ ከዚህ ይበልጣል፤ ምክንያቱም እዚያ የታየው ጉድለት መጋነን ሳይሆን ስሕተት ነው። ማግኔቶሜትር የምድርን መግነጢሳዊ ኃይል ነጥብ በነጥብ ይለካል። ይህ ኃይል በአውሮፓ በሃምሳ ሺህ ናኖቴስላ አካባቢ ሲሆን፣ በእኛ አካባቢ ከ36 እስከ 37 ሺህ ገደማ ነው፤ አገራችን የመግነጢሳዊው ወገብ በሚያልፍበት አካባቢ ትገኛለችና። እዚህ ላይ የኃይሉ አቅጣጫ ወደ ምድር ጠልቆ የሚገባ ሳይሆን ከአድማስ ጋር ጥቂት ዲግሪ ብቻ ያዘነበለ ነው። ከዚህ የሚከተለው ውጤት ቀላል ሆኖ ብዙ ሰው ያሳስታል። በሰሜን አውሮፓ ወይም በካናዳ መግነጢሳዊ አለት ከተቀበረበት ቦታ በላይ ንባቡ ከፍ ይላል፤ በእኛ አገር ግን በአለቱ አናት ላይ ንባቡ ዝቅ ይላል፤ ከፍታው በሰሜንና በደቡብ ጎኑ ይታያል። ከሰሜን ወደ ደቡብ ተዘርግቶ የቆመ የአለት ግድግዳ ደግሞ ምንም ያህል መግነጢሳዊ ቢሆን ምልክቱ ሊጠፋ ይችላል። ሪፖርቱ በካርታው ላይ ቀይ የሆነውን (ከፍተኛ ንባብ ያለበትን) ሁሉ ባዛልት፣ ሰማያዊውን (ዝቅተኛውን) ሁሉ ደለል ብሎ ተርጉሟል። ይህ ከሌላ ኬክሮስ የመጣ አተረጓጎም ነው። በዚያ ላይ የዚህ አካባቢ ባዛልት ሲረጋ የየዘመኑን የምድር መግነጢስ አቅጣጫ ይዞ የቀረ ነው፤ የምድር መግነጢስ በዚያ ዘመን ሰሜንና ደቡቡን የለዋወጠ በመሆኑ፣ ከንብርብሮቹ ከፊሉ የዛሬው ተቃራኒ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ተመሳሳይ ባዛልት አንድ ቦታ ቀይ፣ ሌላ ቦታ ሰማያዊ ሊሆን ይችላል።

ቅር የሚያሰኘው ደግሞ ይህ እውቀት በአገራችን አዲስ አለመሆኑ ነው። የአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሰበብ ሲሆን፣ ቦታውን ተፈላጊ ያደረገው ለመግነጢሳዊው ወገብ ያለው ቅርበት ነበር። በወገቡ ዙሪያ ከምድር በላይ ከመቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቀን ቀን የሚፈስ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ፤ በእርሱ ምክንያት የማግኔቶሜትር ንባብ ከጧት እስከ ቀትር ብዙ ይለዋወጣል። በሜዳ ላይ ሁለተኛ መሣሪያ በአንድ ቦታ አቁሞ ይህን ለውጥ መመዝገብና ከንባቡ ላይ መቀነስ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የሜዳ ቡድኑ ይህን ያለ ጉድለት አድርጎታል፤ የዚያ የቆመ መሣሪያ መዝገብም ንጹሕ ነው። ንጹሕ ልኬት ተሰብስቦ በአተረጓጎም መበላሸቱ ያሳዝናል፤ ሆኖም ጥሬው ስላለ እንደገና ሊተረጎም ይችላል።

በሪፖርቱ የመጨረሻ ምዕራፍ ላይ ማንም ያልጠየቀው ነገር ተጨምሯል። «አካባቢው ከጣና ተፋሰስ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ከፍተኛ የነዳጅ ዘይት ተስፋ አለው» ይላል። ይህ ዓረፍተ ነገር ከወጣ በኋላ ከማኅበሩ አባላት አንዳንዶቹ ከሰሉን ትተው ስለ ዘይት ማውራት ስለ ጀመሩ፣ ጉዳዩን በሰፊው ማስረዳት ግድ ሆኖብኛል።

በጣና ዙሪያ በእርግጥ የታወቀ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የማግኔቶቴሉሪክ ጥናት ከጣና ሐይቅ አካባቢ ባዛልት ሥር ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚገመት ውፍረት ያለው የሜሶዞይክ (የዳይኖሰሮች) ዘመን ደለል የተከማቸበት ተፋሰስ፣ ማለትም የተቀበረ ጎድጓዳ ሥፍራ፣ እንዳለ አመልክቷል። ማግኔቶቴሉሪክ ማለት ከመብረቅና ከፀሐይ በሚመነጭ የተፈጥሮ የኤሌክትሪክና የመግነጢስ ሞገድ ተጠቅሞ በኪሎ ሜትሮች ጥልቀት ያለውን አለት የሚመረምር ዘዴ ነው። ዘዴው የተመረጠበት ምክንያት ራሱ ለእኛ አካባቢ ትልቅ ትምህርት አለው። ዘይት ፈላጊዎች በዓለም ሁሉ በዋናነት የሚተማመኑት በሳይዝሚክ ነው፤ ድምፅ ወደ ምድር ልከው የሚመለሰውን ማሚቶ ያደምጣሉ። ባዛልት ግን ድምፁን ከላይ መልሶና በታትኖ ወደ ታች የሚያልፈውን ያዳክመዋል፤ ከሥሩ ያለው ደለል ምስሉ ይደበዝዛል። ኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ ግን ባዛልቱን ያለ ብዙ ችግር አልፎ ከሥሩ ያለውን፣ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈውን ደለል ያገኘዋል። የዚህ ደለል ወገን በዓባይ ሸለቆ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወርደው መንገድ ላይ፣ የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ሆኖ ማንም ተጓዥ በዓይኑ ሊያየው የሚችል ነው። በወሎ ወረ ኢሉ አካባቢም ዘይት ወደ ምድር ገጽ ሲወጣ ታይቷል።

ይሁን እንጂ ተፋሰስ መኖሩ ዘይት መኖሩ አይደለም። ዘይት የሚያመነጭ አለት፣ ያም አለት በተገቢው ሙቀት የበሰለ መሆን፣ ዘይቱን የሚይዝ ቀዳዳማ አለት፣ ከላይ የሚከድን ክዳን፣ ዘይቱን አጥምዶ የሚያስቀር ቅርጽ፣ ሁሉም በአንድነት መገኘት አለባቸው፤ ከባዛልቱ ጋር የመጣው ሙቀትም ዘይቱን ከልክ በላይ አብስሎ ሊያጠፋው ይችላል። ከአገራችን ተሞክሮ ብንነሣ በኦጋዴን የካሉብ ጋዝ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ በዚያው ተፋሰስ የሙከራ ድፍድፍ ዘይት ማውጣት መጀመሩ የተገለጸው ከአርባ ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 ነው። በደቡብ ኦሞ ደግሞ ታሎው የተባለው ኩባንያ በጎረቤት ኬንያ ቱርካና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 ዘይት ካገኘ በኋላ፣ የዚያው ስምጥ ሸለቆ ተከታይ በሆነው በእኛ ወገን ከአየር የግራቪቲ (የስበት) ልኬት፣ በምድርም ሳይዝሚክ አካሂዶ ሳቢሳና ቱልቱሌ የተባሉትን ጉድጓዶች እ.ኤ.አ. በ2013 ቢቆፍርም፣ ለገበያ የሚበቃ ዘይት አላገኘም። እነዚህ በዓለም ላይ ባለው ምርጥ መሣሪያ የተደገፉ ፍለጋዎች ነበሩ። እንግዲህ በጥቂት መቶ ሜትር ገመድ፣ የገመዱንም ርዝመት አንድ አምስተኛ ያህል ጥልቀት ብቻ በሚያይ ልኬት፣ ስለ ነዳጅ ዘይት አንድም ቃል መናገር አይቻልም። ያ ምዕራፍ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት ብዬ ለማኅበሩም ለድርጅቱም በጽሑፍ አሳውቄአለሁ።

ስለ ዋጋና ስለ አሠራር በአጭሩ፦ ክፍያው በልኬት ነጥብ ብዛት የተተመነ ሆኖ የመጓጓዣና የአበል ወጪ ተጨምሮበታል፤ ይህ ተገቢ አተማመን ነው። ግማሹ ቀብድ ነበር፤ ደረሰኙ በወቅቱ ተሰጥቷል። ሪፖርቱ ከተባለው ጊዜ ዘግይቶ የመጣ ሲሆን፣ ምክንያቱ ተጠይቆ በቂ መልስ አልተሰጠም። ጥሬ ልኬቱን ለመስጠት ግን ድርጅቱ መጀመሪያ ላይ ፈቃደኛ አልነበረም፤ «ሪፖርቱ በቂ ነው» የሚል መልስ ነበር የተሰጠን። ከብዙ ደብዳቤ በኋላ ነው የተገኘው። ልኬቱን የከፈለበት ደንበኛ ነው፤ ያለ እርሱ ሪፖርቱን ማንም ሊመረምረው፣ ከዓመታት በኋላም በተሻለ ዘዴ ሊያሰላው አይችልም።

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ ከማኅበሩ ውጪ ያሉ ሰዎች ደጋግመው የጠየቁኝ ስለ ወርቅ መፈለጊያ መሣሪያ ስለሆነ በዚያው ላንሣው። በጎንደር ሱቆች «በብዙ ሜትር ጥልቀት ወርቅ ለይቶ ያሳያል» ተብሎ የሚሸጥ መሣሪያ ይቀርባል። በጥቅል ሽቦ የሚሠራ እውነተኛ የብረት መፈለጊያ ትንሽ የወርቅ ቅንጣትን ከጥቂት አሥር ሴንቲ ሜትር፣ ትልቅ ብረትን ከአንድ ሜትር እምብዛም ባልራቀ ጥልቀት ያገኛል፤ በባዛልት አፈር ላይ ደግሞ የአፈሩ መግነጢስ ስለሚረብሸው ከዚያም ያንሳል። ከዚህ በላይ የሚል ሻጭ የሚናገረው እውነት አይደለም፤ ሰው መሬቱን ሸጦ ሊገዛው አይገባም።

አገልግሎቱን ደግሜ እገዛው እንደሆነ ለጠየቁኝ መልሴ፣ ቅደም ተከተሉ ከተስተካከለ አዎ ነው። በጭልጋ ዓይነት ቦታ መጀመሪያ ሊደረግ የሚገባው ጂኦሎጂስት ቀጥሮ የጓንግን ወንዝና የገባሮቹን ዳር በእግር መሄድ፣ ከሰሉ በገደል ላይ የተጋለጠበትን እያንዳንዱን ቦታ መመዝገብ፣ በቦይ ቁፋሮ ናሙና አውጥቶ አመዱንና ሙቀቱን ማስመርመር ነው። ለዚህ ሥራ የሚበቃ ባለሙያ ጎንደር ውስጥ አለ፤ ዩኒቨርሲቲያችን የጂኦሎጂ ትምህርት ክፍል አለው፤ የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት ካርታዎችም ጥሩ መነሻ ናቸው። ቀጥሎ ጥቂት የናሙና ጉድጓዶች ይቆፈራሉ። ጂኦፊዚክሱ የሚመጣው ከዚያ ወዲህ፣ በጉድጓዶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ለመሙላት ነው፤ ያኔ ሬዚስቲቪቲው በታወቀ አለት ላይ ስለሚመሠረት ግምቱ ይጠብባል።

ድርጅቱ ሊሸጥልን ሲገባው ያላቀረበው አንድ ሌላ አገልግሎት ደግሞ አለ፤ እርሱም በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ የሚደረግ ልኬት ነው። የድንጋይ ከሰል ከአካባቢው አለት ይልቅ ቀላል ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከሸክላ ያነሰ የተፈጥሮ ጋማ ጨረር ያወጣል። ጋማ ጨረርንና ዴንሲቲን (የአለቱን እፍጋት) የሚለካ መሣሪያ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ግማሽ ሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ እንኳ ከላይ እስከ ታች በግልጽ ይወጣል፤ አመዱ የበዛበትና ያነሰበትም ክፍል በመጠኑ ይለያል። ከምድር ገጽ ላይ ሆኖ ሊታይ ያልቻለው ያ የሁለት ሜትር ንጣፍ መኖር አለመኖሩን በአንድ ቀን የሚወስነው ይህ ልኬት ነው።

ማኅበሩ ቀጣዩን ውል እያዘጋጀ ነው። በእኔ ሐሳብ መሠረት የገቡት ነጥቦች ጥሬ ልኬቱ ከሜዳ በተመለሰ በሳምንት ውስጥ እንዲሰጥ፣ በሪፖርቱ ውስጥ የእያንዳንዱ ንጣፍ ዝቅተኛና ከፍተኛ የጥልቀት ግምት አብሮ እንዲጻፍ፣ ዘዴው ሊያሳየው የማይችለው የንጣፍ ውፍረት በቁጥር እንዲገለጽ፣ የማግኔቲክ ካርታውም በዚህ ኬክሮስ ጠባይ እንደገና እንዲተረጎም የሚሉ ናቸው። ያው ድርጅት ሥራውን እንደገና ሊወስድ ጠይቋል፤ የሜዳ ቡድኑ ያው እንደሚሆንና ሪፖርቱን ሌላ ባለሙያ እንደሚጽፈው በደብዳቤ ካረጋገጠ፣ ውሉ ለእርሱ እንዲሰጥ ድጋፌን እሰጣለሁ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ሪፖርቱ በጠቆመው ቦታ ሳይሆን ባዛልቱ ስስ በሆነበትና ልኬቱ በገደሉ በተረጋገጠበት በጅረቱ ዳር እንዲሆን ተወስኗል።